ብዝሃ ሕይወትን በግራቪሊያ ለማዳን ወደ አሶሳ

ረቡዕ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ወደ አሶሳ የሚሄደው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሣ። እኔ ተሳፍሬ ነበር፤ ሻንጣዬ አልተሳፈረም። ይህን ያወቅሁት አሶሳ ደርሼ፣ የመጨረሻው መንገደኛ ዕቃውን አንሥቶ ከሄደ በኋላ ነው። በሻንጣው ውስጥ የመስክ ጫማዬ፣ የዝናብ ልብሴ፣ ቅጠል የማይበት አጉሊ መነጽርና ቅያሪ ልብሶቼ ነበሩ። የቀረልኝ በላዬ ያለው ቀሚስ፣ ለአዳራሽ ወለል የተሠራ ጥቁር ጫማና የእጅ ቦርሳዬ ነው። ሻንጣውን ያገኘሁት ከጉዞዬ ስመለስ ሲሆን፣ ለካስ ከቦሌ ወጥቶም አያውቅም።

የዕፅዋት ሳይንስ አስተምራለሁ። ስሙን ለመጥራት የማልፈልገው አንድ ድርጅት፣ ብዝሃ ሕይወትን መጠበቅ ለዘላቂ መጪ ጊዜ ስላለው ጥቅም አሶሳ ላይ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት፣ ቀጥሎም ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ የችግኝ ተከላ አዘጋጅቶ ጽሑፍ እንዳቀርብና የመጀመሪያውን ችግኝ እንድተክል ጋበዘኝ። እንዲህ ያለ ግብዣ ሲደርሰኝ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ እላለሁ። ያሁኑን የተቀበልኩት ስለ ቆላ ቀርከሃ ለዓመታት አስተምሬ፣ ቀርከሃው በብዛት ወደሚበቅልበት አገር በክረምት መግቢያ ሄጄ ስለማላውቅ ነው። በወለጋ በኩል በመኪና መሄድን በዚያ ሰሞን የመከረኝ ሰው ስላልነበረ በአየር ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ሲነሡ ከታች የሚታየው ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ነው። አሶሳ ሲቃረብ ግን አረንጓዴው አንድ ዓይነት መሆኑ ይቀራል፤ እዚህ ፈካ፣ እዚያ ጠቆር፣ መሐል መሐሉ ላይ ደግሞ ገለባ የመሰለ ሐመር ቢጫ ይታያል። ያን ቢጫ የበሰለ እርሻ መስሎኝ ነበር። በሰኔ የበሰለ እርሻ ከወዴት ይመጣል ብዬ ራሴን ያልጠየቅሁት እንቅልፍ ስለተጫነኝ ይሆናል።

የተቀበሉኝ የዝግጅቱ አስተባባሪ አቶ ደረጀና የድርጅቱ ሾፌር ገመቹ ነበሩ። አቶ ደረጀ ከደጋ ተመድበው የመጡ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተርዬ! ሻንጣስ?»

«አልመጣም።»

«ቀለል ብለው መጡ ማለት ነው!» ብለው ሳቁ። ገመቹ የባምባሲ ልጅ ነው፤ አልሳቀም። «ዋቃ ኮ! በዚህ ጫማ መስክ ሊወጡ?» አለና እግሬን እያየ ራሱን ነቀነቀ። በመላው ጉዞ ከድርጅቱ ሰዎች የሰማሁት ሙያዊ አስተያየት ይህ ብቻ ነው።

በአሶሳ ማንጎ ዛፍ ላይ ይበስላል። ይህን የምጽፈው እኔ በሰፈሬ፣ በኮተቤ፣ ማንጎ የሚባለውን ነገር ድንጋይ ሆኖ ገዝቼ ለሳምንት በጋዜጣ የምጠቀልል ሰው ስለሆንኩ ነው። እዚህ በየግቢው ቆርቆሮ ላይ ዱብ ይላል፤ ፍየሎች እንኳ እየመረጡ ይበሉታል። ባረፍኩበት ሆቴል ውሃ አልነበረም፤ መብራትም ሲመጣ ሲሄድ አመሸ። ነገር ግን የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሳልጠይቃት በባልዲ ሙቅ ውሃ፣ የራሷን ነጠላና የተላጠ ማንጎ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ሻንጣዎ ቢጠፋ እርስዎ አልጠፉ፤ ይልበሱት፣ ቀሚስዎን ይስጡኝና ላጥበው» አለችኝ። በማግሥቱ ቀሚሴ ታጥቦና ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። መብራት በሌለበት በምን እንደተኮሰችው አልጠየቅሁም፤ የከሰል ካውያ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ሐሙስ ዐውደ ጥናቱ ተካሄደ። የአዳራሹን መድረክ ያስጌጡት የፕላስቲክ አበቦች ነበሩ። ውጭ፣ ከመስኮቱ ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ዝናብ ያጠበው እውነተኛ አበባ ቆሟል፤ ብዝሃ ሕይወትን ለመጠበቅ የተሰበሰብነው ሰዎች ግን ለአቧራማው ላስቲክ ጀርባችንን ሰጥተን ስለ ተፈጥሮ ተነጋገርን። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ሰፊ ባነር በረዶ የለበሰ ተራራና የፈረንጅ ጥድ ያሳያል። የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ምድር ጉዳዩን ሲመክር በበረዶ ሥር ተቀምጦ ነው ማለት ነው። ስለ ምስሉ አቶ ደረጀን ብጠይቃቸው «አዲስ አበባ ነው ያሳተምነው፤ ጥራቱን አዩት?» አሉኝ። ጥራቱን አይቻለሁ። የበረዶው ነጭነት እንከን አይወጣለትም።

የመክፈቻ ንግግሩ ስለ ረዘመ የእኔ ጽሑፍ እንዲያጥር ተጠየቅሁ። ማሳጠሩ አላስቸገረኝም፤ የምለው አንድ ነገር ነበርና። በአገራችን ካለው የቆላ ቀርከሃ ሰፊው ክፍል የሚገኘው በዚህ ክልል መሆኑን፣ ይህ ተክል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ፣ ሁሉም በአንድነት እንደሚሞትና ሞቱ በሽታ አለመሆኑን ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክረምት የዚያን ደን ዕጣ ይወስናል፤ ዘሩ በሰላም ከበቀለ ደኑ ይመለሳል፤ ከታረሰ፣ ከተቃጠለ ወይም ከብት ከጋጠው አይመለስም። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ አንዲት ቃል እንዳልሰማ የተረዳሁት በሻይ ዕረፍት ነው።

«ዶክተርዬ፣ ጽሑፍዎ ከእኛ ሥራ ጋር ግጥም አለ!» አሉኝ አቶ ደረጀ ሳምቡሳቸውን እንደያዙ። «ቅዳሜ የምንተክልበት ቦታ እርስዎ ያሉት ነው። የሞተ ቀርከሃ። አንድ ኮረብታ ሙሉ! ዐምና አበበ፣ ደረቀ፣ አለቀ። ባዶ መሬት ነው፤ ቆፍሮ መትከል ብቻ።»

«ከሞተው ሥር ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ሣር ነው።»

«ምንድን ነው የምንተክለው?»

«ግራቪሊያ» አሉ፤ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ግራቪሊያ ነው» አሉ በኩራት። «ወጥ እንዲሆን ነው የፈለግነው።»

ብዝሃ ሕይወት የሚለውን ቃል ትርጉም በዚያ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ላስረዳቸው አሰብኩና ተውኩት። ቃሉ በደረታቸው ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ በሁለት ቀለም ታትሞ ነበር፤ ያን ያላነበበ ሰው እኔን ይሰማል ብዬ አልጠበቅሁም። ኮረብታውን ግን ሳላይ መተኛት እንደማይቻለኝ ገባኝ። ተከላው ቅዳሜ ጠዋት ነበርና ከእንግዶቹ ቀድመን ዓርብ ሄደን እዚያው እንድናድር ጠየቅኋቸው። «የሳይንስ ሰው ሲባል!» ብለው ተስማሙ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሆሞሻ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ሄድንና ከመድረሳችን በፊት ወደ ግራ ታጠፍን። ከመታጠፊያው አንሥቶ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር መኪናችን አንድ ቁልቁለት ላይ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ገመቹ ሞተሩን አጠፋና «አሁን ሰው ይመጣል» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ቢበላሽ ሰው የሚመጣው ጥሩምባ ለመንፋት ነው። እዚህ ከማሳ የወጡ ሰዎች መጡና የደረቀ ቀርከሃ ከአጥር መዝዘው ከጎማው ሥር አነጠፉ፤ ገፍተውም አወጡን። ለምስጋናችን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱልን። አቶ ደረጀ ከመኪናው ሳይወርዱ «ጎበዞች!» አሏቸው። እንደገና ስንነሣ፣ ከመታጠፊያው ገና ሳንርቅ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች ተራ በተራ ተቆፍረው አይቼ ምን እንደሆኑ ገመቹን ጠየቅሁት።

«የዐምና ተከላ ናቸው።»

«ችግኞቹስ?»

«በጋ ሲገባ ደረቁ። ማን ውሃ ያጠጣል?»

አቶ ደረጀ በዚህ ጊዜ ስልካቸውን ይመለከቱ ነበር።

መንደሩ የደረስነው ወንዶቹ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ በገቡበት ሰዓት ነው። የሚያስተናግዱን ሼህ ሐሚድ የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮረብታውም ከአባታቸው የወረሱት ነው። ባለቤታቸው ዘይነብ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ሰፊ ቀለማም ቶቧን በትከሻዋ ጣል ያደረገች ሴት ከደጃፉ ተቀበለችን። ቤታቸው ክብ ነው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈው ወለል ቀርከሃ፣ የእህል ጎተራው ቀርከሃ፣ አጥሩም ቀርከሃ ነው። እኔ ባደግሁበት ደጋ ቤት ከአንድ ነገር አይሠራም፤ ድንጋዩ ከአንድ ሰው፣ ቆርቆሮው ከሌላው ይገዛል። ይህ ቤት ግን ሙሉ በሙሉ ከኮረብታው ወርዶ እዚህ የተቀመጠ ይመስላል።

ዘይነብ ጫማዬን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዶክተር፣ ይሄ ጫማ አይሆንም። ጭቃ ይበላዋል፣ ወላሂ! ቁጭ በል፣ አውልቅ።»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ወንድም ሴትም ስትጠራ በአንድ መንገድ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ሁሉም አንቱ ብሎኝ ማንም አልሰማኝም ነበር፤ ዘይነብ አንተ ብላኝ እግሬን አጠበችና የባለቤቷን የፕላስቲክ ጫማ አመጣችልኝ። እጅግ ይሰፋኝ ስለነበር ጫፉን በጨርቅ ሞላችው። ቀጥሎ ቀሚሴ ላይ የተረጨውን ጭቃ አይታ ከሣጥኗ ሰማያዊ ቶብ አውጥታ አለበሰችኝ፤ አጠማጠሙን አላወቅሁበትም ነበርና ሁለት ጊዜ ወለቀብኝ። ሁለተኛው ላይ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማረም?»

«አላስተማረም።»

«እና ምን አስተማረ?» አለች።

የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ ቀጥሎም በብዙ ስኳር የጣፈጠ ቀይ የከርከዴ ሻይ አቀረበችልን። በእኛ ቤት ገንፎ የሚቀርበው ለአራስ፣ ቅቤና በርበሬ መሐሉ ላይ ፈስሶ ነው፤ ጤነኛ ሰው በሥራ ቀን ገንፎ በላሁ ቢል ዘመዶቹ ይስቁበታል። ለእነርሱ የዘወትር ምግብ ነው። ዘይነብ ግን ይቅርታ ጠየቀችን። «በክረምት ለእንግዳ የቀርከሃ ቡቃያ ነበር የምሰጠው። ከመሬት ሲወጣ፣ ለስላሳ ሳለ፣ ይቀቀላል። ዘንድሮ የለም። ሞተ።»

«ኮረብታውን ታሳዪኛለሽ?»

አቶ ደረጀ ከርከዴያቸውን ጨርሰው በገመድ በተጠለፈው አንገሬብ አልጋ ላይ፣ በጥላው ሥር ጋደም ብለው ነበር። «እኔ አይቼዋለሁ» አሉ።

ከአየር ላይ ያየሁት ገለባ የመሰለ ቢጫ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ኮረብታው በሙሉ ቆሞ ደርቋል፤ ነፋስ ሲነካው ባዶው ቀርከሃ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንኳኳል። ከሥሩ መግቢያ ላይ አዲስ የብረት ሰሌዳ በሲሚንቶ ተተክሎ ቆሟል። በላዩ የድርጅቱ ስምና «ይህ ደን የተተከለው በእኛ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ኃላፊ ጊዜ ነው። ችግኞቹ ግን ገና አሶሳ በጭነት መኪና ላይ ነበሩ።

ወደ ውስጥ ገባን። በደረቁ አገዳዎች መሐል መሬቱን የሸፈነው በእርግጥም ሣር ይመስላል፤ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ። ተንበረከክሁ። አጉሊ መነጽሬ ቦሌ ስለ ነበር የማንበቢያ መነጽሬን ከዓይኔ አርቄ እንደ አጉሊ ያዝኩት። የተራ ሣር ቅጠል ከግንዱ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ የእነዚህ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ከሥሩ አጭር አንገት አለው። አንዷን በጥንቃቄ ነቀልኳት። ከሥሯ እንደ መርፌ የሾለው የዘሩ ገለፈት ገና አልተላቀቀም። ሌላ ቦታ ሄጄ ሌላ ነቀልኩ። ከዚያም ሌላ። ከገባሁበት እስከ ማዶው ያለው ሁሉ እርሱ ነበር።

«ዘይነብ፣ ይህ ሣር አይደለም። ቀርከሃ ነው።»

ቡቃያዋን ከእጄ ወስዳ ገለፈቷን በጥፍሯ ነካች፤ ሽቅብ የቆመውን ደረቅ አገዳ አየች፤ ደግሞ ቡቃያዋን አየች።

«ያ ሰላም! ወልዶ ነው የሞተው?»

«ወልዶ ነው የሞተው።»

ቡቃያዋን በቶቧ ጫፍ ቋጠረች። ወዲያው ማዶ ሁለት ፍየሎች ራሳቸውን ደፍተው ሲግጡ አየችና እኔን ትታ፣ ድንጋይ አንሥታ፣ በበርታ ቋንቋ እየተሳደበች ሮጠች። የስድቡን ትርጉም አልጠየቅሁም። በዚያ ሳምንት ስለ ጥበቃ የሰማሁት እውነተኛ ንግግር ግን ይህ ነበር።

ማታ፣ ራት ቀርቦ ሼህ ሐሚድ ከመሐላችን ሲቀመጡ፣ ነገሩን አነሣሁ። ቡቃያዋ በሰሐን ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገ ጠዋት በዚያ መሬት ላይ ጉድጓድ ከተቆፈረና ሰው በብዛት ከረገጠው ዘሩ እንደሚጠፋ፣ ኮረብታውም ሌላ የሚያበቅለው ዘር በመሬት ውስጥ እንደሌለው ተናገርኩ።

አቶ ደረጀ ቡቃያዋን በጣታቸው ገለበጡ። «ዶክተርዬ፣ በፈጠረዎት፣ ሣር እኮ ነው! ነገ በሦስት ሰዓት እንግዶች ከአሶሳ ይመጣሉ። እዚያ ቆሜ ምን ልበላቸው? አትንኩ፣ በቅሏል ልበላቸው?»

«አዎን። እንደዚያው ይበሏቸው።»

«ከሣር ጋር ማን ፎቶ ይነሣል?»

«ይህን እኔ አልመልስም። እኔ ግን እዚያ ኮረብታ ላይ ችግኝ አልተክልም፤ ለምን እንዳልተከልኩ ከጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ።»

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ልማዴም አይደለም። አቶ ደረጀ ፊታቸው ተለወጠና ወደ ሼሁ ዞሩ። «ሼህ፣ ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል። እንጨት ይሆንዎታል። ይህቺ ቡቃያ ግን መቼ ትደርሳለች? ይጠይቋቸው እስቲ።»

ሼህ ሐሚድ ቀጭን፣ ንግግራቸውም የተቆጠበ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ ስንት ክረምት?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «ቤት የሚሠራ ቀርከሃ እስኪሆን ብዙ ክረምት ይፈልጋል። እሳትና ከብት ካልነካው ነው ይህም። ግራቪሊያው፣ ውሃ ካገኘ፣ ከእርሱ ይቀድማል።»

«እኔ አላየውም ማለት ነው።»

«ላያዩት ይችላሉ።»

አቶ ደረጀ እንዳሸነፈ ሰው ገንፎ ቆረሱ። ያን ጊዜ ዘይነብ ከበሩ ላይ ጠየቀች። «ያ ዛፍ ቡቃያው ይበላል?»

«የትኛው?» አሉ አቶ ደረጀ።

«ያንተ።»

«ኧረ አይበላም!»

«አጥር ይሆናል? ወለል ይሆናል? ቅርጫት?»

«እንግዲህ ሴትዮ፣ ቅርጫት ከገበያ ይገዛል!»

ሼሁ እጃቸውን አነሡ። ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር። «ነፊር ጠርቻለሁ» አሉኝ። ነፊር በእኛ ደቦ የምንለው ነው፤ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ የተጠራውም ዶማውን ይዞ ይመጣል። «ሰው ሁሉ ነገ ይመጣል። ፍየል ታርዷል። ነፊር ጠርቶ ሥራ የለም ብሎ መመለስ ዐይብ ነው፤ ነውር ነው። ስሜ ይወድቃል።»

«ነፊሩን የጠራው ድርጅቱ አይደለም እንዴ?»

ሼሁ አቶ ደረጀን ተመለከቱ። አቶ ደረጀም ምንም የሚደበቅ ነገር እንደሌለው ሰው በግልጽ አስረዱኝ። «ዶክተርዬ፣ በእኛ ስም ከጠራን ደብዳቤው፣ ማኅተሙ፣ ፈቃዱ ብዙ ነው፤ ሰውም አይወጣልንም። ሼሁ በራሳቸው ስም ቢጠሩ ግን መንደሩ በአንድ ቃል ይወጣል። ዘዴ ነው!»

«ነፊር ሲወጣ ምን እንደሚሠራ የሚናገረው ማን ነው?» ብዬ ሼሁን ጠየቅኋቸው።

«የጠራው» አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ ደገሙት። «የጠራው ነው።» ቡቃያዋን ከሰሐኑ አንሥተው በመዳፋቸው ያዟት። «ከፈጅር ሶላት በኋላ እናገራለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ለእኔ የተሰጠኝ የቤቱ ደህና አልጋ ነበር፤ ዘይነብ እኔን እዚያ አስተኝታ እርሷ ከምድጃው አጠገብ ምንጣፍ ዘርግታ ተኛች። ብለምናትም አልሰማችኝም። «አንተ የኮረብታው እንግዳ ነህ» አለችኝ። ከቤት ውጭ፣ ከኮረብታው የሚመጣው የደረቅ ቀርከሃ መንኳኳት እስካንቀላፋ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ቆሞ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ ነፊሩ ደረሰ። ወንዶቹ ዶማና ገጀራ ይዘው፣ ሴቶቹ የውሃ ቅል ተሸክመው ከሰሌዳው አጠገብ ቆሙ። የእኔ መልክ ሰማያዊ ቶብ የለበሰች፣ ጫፉ ጨርቅ የተጎሰጎሰበት የወንድ ጫማ ያጠለቀች፣ በቀኝ እጇ ቶቡ እንዳይወልቅ የያዘች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበር። ማንም አልሳቀብኝም፤ አንዲት ሴት ብቻ መጥታ ቶቤን አጥብቃ አስተካከለችልኝ። ሼህ ሐሚድ በበርታ ቋንቋ ተናገሩ። ንግግራቸው አጭር ነበር። ቡቃያዋን ከፍ አድርገው አሳዩና ለጎረቤታቸው ሰጧት፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንድ ሽማግሌ ገለፈቷን በምላሱ ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ጮክ ብሎ ተቃወመ፤ ዘይነብ በጆሮዬ «ከብቴን የት ላግድ ይላል» አለችኝ። ክርክሩ ለጥቂት ጊዜ ጦፈ። ሼሁ ከኮረብታው በስተኋላ ያለውን የራሳቸውን የግጦሽ መሬት በእጃቸው ሲያሳዩት ሰውዬው ገጀራውን ይዞ ከሰዎቹ ጋር ተሰለፈ።

ከዚያ በኋላ የተወሰነው እንዲህ ነው። ነፊሩ አይቆፍርም። ደረቁን ቀርከሃ ከኮረብታው ዳር እየቆረጠ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ዙሪያውን ያጥራል፤ በውጭ በኩል ለበጋው እሳት መከላከያ የሚሆን መሬት ይመነጥራል። የሞተው ደን ለልጁ አጥር ይሆናል። የታረደው ፍየል በዚያው ይበላል፤ የሼሁ ስም አይወድቅም። እኔ የቀርከሃ አቀባይ ሆኜ ተመደብኩ።

አቶ ደረጀ ስልክ እየደወሉ ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። ጭነት መኪናው ተነሥቷል፣ እንግዶቹ ተነሥተዋል፣ ባነሩም ተነሥቷል፤ በረዶውና ጥዱ ወደ እኛ እየመጡ ነው። በመጨረሻ ገመቹ አዘነላቸውና «ጉድጓድ ከሆነ እኮ የተቆፈረ አለ» አላቸው። ፊታቸው በራ። ግራቪሊያዎቹ ከመታጠፊያው አጠገብ፣ ዐምና በተቆፈሩት፣ ዐምና የተተከለው ሁሉ በደረቀባቸው ጉድጓዶች እንዲተከሉ እዚያው ወሰኑ። ቦታው ለፎቶም የተሻለ መሆኑን ነገሩኝ፤ አስፋልት ባይሆንም መንገድ ይታያል። የመጀመሪያውን ችግኝ ማን እንደሚተክል አልጠየቁኝም።

የቀረው ሰሌዳው ነበር። አቶ ደረጀ ወደ መታጠፊያው ሊወስዱት ከሥሩ ይዘው ነቀነቁት። ሲሚንቶው ደርቋል፤ በድርጅቱ ዝግጅት ውስጥ በጥንቃቄ የተሠራው እርሱ ብቻ ነበርና አልተነቃነቀም። ሼህ ሐሚድ ቀርበው ብረቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ወደ አጥሩ መነሻ አዩ። ለአንደኛው ማዕዘን ጠንካራ ምሰሶ ይጎድል ስለነበር፣ ሰሌዳው ከነጽሑፉ ባለበት እንዲቆይ፣ አጥሩም ከእርሱ እንዲታሰር ተወሰነ።